ሲኒ አይደለም፤ የብሩሽ ማጠቢያ ነው

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ በሲኒ ስም ለተጻፈ ማጠቢያ እርማት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

እኔ ደሴ ከተማ ፍርድ ቤት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኛል። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ከላይ ሳላሰፍር ደብዳቤ ልጀምር ብል እጄ እምቢ ይለኛልና ይቅርታ ይደረግልኝ።

ጋዜጣችሁን ባለጉዳይ በማይበዛበት ሰዓት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ወረቀቱን ሳያረጥብብኝ፣ ከፊት ገጹ እስከ ሐራጅ ማስታወቂያው ድረስ አነባለሁ። ባለፈው ወር ካወጣችኋቸው ጽሑፎች አንዱ በሆንግ ኮንግ ጨረታ አንዲት የቻይና ሲኒ ከ37 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለ መሸጧ ያወራል። ጸሐፊው በሀብታሞች ሞኝነት ተሳልቆ፣ የእናቱን ስድስት ሲኒዎች ዋጋ በዚያ ሒሳብ አባዝቶ፣ እናቱ ሳያውቁ ቢሊየነር መሆናቸውን ነግሮን ይሰናበታል። ሳቅሁ። ጋዜጣውን አጥፌ ካስቀመጥሁ በኋላ ግን ተናደድሁ። ያ ዕቃ ሲኒ አይደለም። ቡናም ሻይም ሊጠጣበት አልተሠራም። ጸሐፊ ጽፎ ሲያበቃ የብሩሹን ጠጉር ከቀለም የሚያጠራበት፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛ የማይነሣ ዝርግ ማጠቢያ ነው።

ሁለት ዜናዎች የተደባለቁባችሁ ይመስለኛል። ሲኒዋ ሌላ ናት። በ2006 ዓ.ም. እዚያው ሆንግ ኮንግ በ36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሸጠችው፣ በሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በቸንግኋ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1465 እስከ 1487) የተሠራች፣ ጎኗ ላይ አውራ ዶሮ፣ ሴት ዶሮና ጫጩቶች የተሣሉባት እርሷ ናት። ገዢዋ ከተረከባት በኋላ ሻይ ቀድቶ ጠጣባት፤ ፎቶግራፉም ብዙ ሰው አስቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም፤ ሲኒ ናትና። ማጠቢያው ደግሞ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ቀርቦ የእርሷን ክብረ ወሰን የሰበረው ነው። በ294.3 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠ፤ ይህም 37.7 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን በአንድ መዳፍ ይያዛል።

ለብዙ ሰው ይህ ኢምንት ስህተት ነው። በእኔ ሙያ ግን «ቤት» እና «የቤት መሥሪያ ቦታ» ሳይለዩ ቀርተው በአንድ ቃል ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት የተንከራተተ ጎረቤት አለኝ።

«አንተ ይህን ከየት አወቅኸው?» ማለታችሁ አይቀርም። ማስረጃዬን ላቅርብ።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ቻይናዊ አስተርጓሚ ከአከራዩ ጋር ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። አከራይዋ የደሴ ሰው ናቸውና ውሉን እዚሁ ማጻፍ ፈልገው ነው። ልጁ አማርኛ የተማረው ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው። አንዱንም ግስ ሳይቆርጥ፣ ማሰሪያ አንቀጹን ጠብቆ፣ ረጋ ብሎ ይናገራል። አከራይዋ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይህ ልጅ ድቁና ተቀብሏል እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ውሉን ጨርሼ እንደ ልማዴ የብዕሬን ጫፍ ሲኒ ውስጥ ነክሬ ለቀለቅሁ። እስክሪብቶ አልወድም። ከጠርሙስ ቀለም እየቀዳሁ በምሞላው ብዕር ነው የምጽፈው፤ እርሱ ደግሞ በየቀኑ ካልታጠበ ይደርቅና ይዘጋል። ልጁ ትኩር ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ምን ይባላል?»

«ሲኒ።»

«ሲኒ ቡና የሚጠጣበት አይደለም?»

«ነበረ። አፉ ሲሸረፍ ባለቤቴ ከረከቦት አወረደችው። እኔ ደግሞ ለብዕሬ ማጠቢያ አደረግሁት።»

ሳቀ። ቁራጭ ወረቀት ለምኖኝ ሁለት የቻይና ፊደላት ጻፈና «ቢሺ» ብሎ አነበበልኝ። የመጀመሪያው ብሩሽ ወይም ብዕር፣ ሁለተኛው ማጠብ ነው። ነገሥታቶቻቸው ይህንኑ የእኔን ዕቃ በዘመኑ ከተሠራው ሸክላ ሁሉ በተመረጠው ያሠሩት እንደነበር ነገረኝ። እኔም ባዶ እጁን አልሸኘሁትም። ሲኒ የሚለው ቃላችን ከዓረብኛ የመጣ መሆኑን፣ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት መሆኑን ነገርሁት። ዓረቦች ከቻይና የመጣውን ሸክላ በአገሩ ስም ጠሩት፤ ስሙ ከዕቃው ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እኛ ረከቦት ላይ ተቀመጠ። ይህን የሰማሁት ከእናቴ ወንድም ከሼኹ ነው። ልጁ የኔን ሲኒ አንሥቶ ገለበጣት። ግርጌዋ ላይ በደቃቅ የላቲን ፊደል የተሠራችበት አገር ታትሟል፤ ቻይና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገልብጫት አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊያችሁ ማጠቢያውን ሲኒ ሲለው «ቻይናዊ» ማለቱ ነው ብዬ ልሟገትለት እችል ነበር። የእናቱን ረከቦት ጠቅሶ ግን የክሱን ጭብጥ ራሱ አጸናው።

ልጁ አገሩ ሲመለስ ሥዕል የበዛበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላከልኝ። ሴት ልጄ ማታ ማታ እየተረጎመች ስታነብ እኔ በደብተር ገለበጥሁ። ከመጽሐፉ ጋር የተኛ በሬ የሚመስል፣ ከሎሚ የማይበልጥ የውሃ ማንጠባጠቢያም ነበረ። አዲስ የገበያ ዕቃ ነው፤ ውድም አይደለም። ግን ከእርሱ ብዙ ተማርሁ።

ቻይናውያን የጽሕፈት ቤት አራት ውድ ዕቃዎች የሚሏቸው ብሩሽ፣ ቀለም፣ ወረቀትና የቀለም መፍጫ ድንጋይ ናቸው። ፖርሴሊን፣ ሲኒ የሚሠራበት ጥሩው የቻይና ሸክላ፣ ከአራቱ አንዱ አይደለም፤ የአራቱ አሽከር ነው። ቀለማቸው እንደ እኛው ከጥቀርሻ ይሠራል። የጥድ እንጨት ጥቀርሻ ከእንስሳ በሚወጣ ሙጫ ተለውሶ፣ ተቀርጾ፣ እንደ ሳሙና ቁራጭ ይደርቃል። ጸሐፊው ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ያደርግና ደረቁን ቀለም እያሸ ይፈጫል። ውሃው ከበዛ ቀለሙ ይቀጥናል፤ ካነሰ ብሩሹን ይይዛል። ስለዚህ ጠብታ የምትቆጥር ዕቃ ያስፈልገዋል። የእኔ በሬ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ አፉ ላይ፣ አንዱ ጀርባው ላይ። የጀርባውን በጣት ስትደፍኑት ውሃው ቀጥ ይላል፤ ጣት ስታነሡ አንዲት ጠብታ ትወርዳለች። የልጅ ልጄ ቀኑን ሙሉ በዚህ ስትጫወት ትውላለች። የቻይና ነገሥታትም ከእርሷ ብዙ የተሻሉ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጸሐፊን ችግር የሚያውቅ ሰው ያሰበው ነው። እርጥብ ብሩሽ ጠረጴዛ እንዳያበላሽ ባለ አምስት ጫፍ ተራራ የሚመስል ማሳረፊያ አለ፤ ብሩሹ በሁለት ጫፎች መካከል ይጋደማል። እጅጌ ያልደረቀውን ፊደል እንዳይጠርገው የእጅ አንጓ ማሳረፊያ አለ፤ የእኔ ኮት ቀኝ እጅጌ ስለ ጥቅሙ ይመስክር። የማኅተም ቀለም መያዣ ክብ ሙዳይም አለ። ቀለሙ ቀይ ማዕድን በዘይት ተለውሶ ነው የሚሠራው። እንጨት ዘይቱን ይጠጣዋል፤ ፖርሴሊን ግን አይጠጣም። የኔ የማኅተም ቀለም በቆርቆሮው ውስጥ በየሦስት ወሩ የሚደርቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ፖርሴሊን የማይጠጣው ስለ ምን እንደሆነ ልጄን ደጋግሜ አስነብቤያታለሁ። ጂንግደዠን የምትባል የሸክላ ሠሪዎች ከተማ አለች። ነጩ አፈር ካኦሊን የሚለውን ስሙን ያገኘው እዚያው አጠገብ ካለ ጋኦሊንግ ከሚባል ስፍራ ነው። አፈሩ ከተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሲተኮስ ሰውነቱ በከፊል ወደ መስታወትነት ይለወጣል። የእኛ ጀበና ዝቅ ባለ እሳት የተተኮሰ ስለሆነ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አይጠፋውም። ለቡና ደግ ነው፤ ለቀለም ግን ሌባ ነው።

ወደ ማጠቢያው ልመለስ። የተሠራው ለሰሜናዊው ሶንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት፣ በዛሬዋ ሄናን ግዛት፣ ሩ ተብሎ በሚጠራው የሸክላ ዓይነት ነው። ጊዜው 11ኛው መቶ ዘመን አልቆ 12ኛው ሲጀምር፣ ንጉሥ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ ነው። ሩ የተሠራባቸው ዓመታት ጥቂት ስለነበሩ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሙሉ ዕቃዎች አንድ መቶ አይሞሉም። ሥዕል የለባቸውም፤ ወርቅም የለባቸውም። ዝናብ አባርቶ ደመናው ሲገለጥ የሚታየውን የሰማይ ቀለም ይመስላሉ ይሏቸዋል፤ በነሐሴ መጨረሻ ከጦሳ በላይ ያለውን ሰማይ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደተፈለገ ይገባዋል። ግርጌያቸው ሳይቀር በብርጭቆማው ቅብ የተሸፈነ ነው። እሳት ውስጥ ሲገቡ ምድጃው ላይ እንዳይጣበቁ በቀጫጭን ሹል ድጋፎች ላይ ይቆማሉ። ድጋፎቹ ከሥር የሚተዉትን ምልክት ቻይናውያን የሰሊጥ ፍሬ ይሉታል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ሊቃውንቱ ዕቃውን ገልብጠው ሰሊጥ ይፈልጋሉ።

የዘመኑ ንጉሥ ሁዪዞንግ ይባላል። ራሱ ሠዓሊና ቁም ጸሐፊ ነበር፤ በስሙ የሚታወቅ ቀጭንና ጅማታም የአጻጻፍ ስልት አለው። መንግሥቱን ግን እንደ ብሩሹ አልያዘውም። እ.ኤ.አ. በ1127 ከሰሜን የመጡ ወራሪዎች ዋና ከተማውን ይዘው ማርከው ወሰዱት፤ በግዞትም ሞተ። ልጄ ይህን ስታነብ «ለማጠቢያው ከማሰብ ለጦሩ ቢያስብ ይሻለው ነበር» አለች። እውነቷን ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ለግብሩ ጠረጴዛ፣ ለወይኑ፣ ለዙፋኑ የሚሆን ስንት ዕቃ እያለ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የቆሸሸ ብሩሽ ለሚነከርበት ሳህን መዋሉ።

ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የነገሠው ቺየንሎንግ ደግሞ የሩ ዕቃዎችን ሰብስቦ ግርጌያቸው ላይ የራሱን ግጥም አስቀረጸ። ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር ማኅተም የሚመታ የቢሮ ኃላፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ እርሱ ነው። አያቱ ካንግሺ ይሻለኛል። በካንግሺ ዘመን ከመዳብ በሚወጣ ቀለም የኮክ አበባ የመሰለ ቅብ ያላቸው፣ ስምንት ቅርጽ ብቻ ያላቸው የጠረጴዛ ዕቃዎች ተሠሩ። ከእነርሱ አንዱ የንብ ቀፎ የሚመስል የውሃ ማሰሮ ነው፤ የቻይንኛ ስሙን ያገኘው ወይን በመውደድ ከሚታወቀው ገጣሚ ከሊ ባይ ነው። በዚህ አልቆይም፤ የበለጠ የሚያሳስበኝ አለና።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ገጽ ልጄን አስቆምኋት። ባለ አምስት ጫፍ የብሩሽ ማሳረፊያ፣ ነጭ ላይ በሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ግን የዓረብ ፊደል! የተሠራው በንጉሥ ዠንግደ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1506 እስከ 1521) ነው፤ እኛ ዘንድ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። በዚያ ንጉሥ ጊዜ ብዙ የጽሕፈት ጠረጴዛ ዕቃዎች የዓረብኛና የፋርስ ቃላት ተጽፎባቸው ከጂንግደዠን ወጥተዋል።

እኔ በአባቴ በኩል የሐይቅ ቁም ጸሐፊ የልጅ ልጅ ነኝ፤ በእናቴ በኩል ደግሞ የሼኽ። ወሎ ውስጥ ይህ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ስላልሆነ አላስረዳም። መጽሐፉን ይዤ ወደ አጎቴ ሄድሁ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ፤ «ኻማ ዳን።» ከዚያም ዝም አሉ። ደግመው አነበቡ። «ፊደሉ የኛ ነው፤ ቃሉ ግን ዓረብኛ አይደለም» አሉ። ልጄ ከሥር ያለውን ማብራሪያ አነበበችላቸው፤ ፋርስኛ ነው፣ የብዕር ማሳረፊያ ማለት ነው። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ሳቁ።

«ዐጀሚ ነዋ! ልክ እንደኛ!»

ለማያውቅ አንባቢ፦ ዐጀሚ ሌላ ቋንቋ በዓረብ ፊደል ሲጻፍ ነው። የወሎ ሼኾች በዓረብ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል፤ መንዙማውንም ትምህርቱንም። አጎቴ ራሳቸው ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፉት እንዲህ ነበር። እንግዲህ ቻይናዊ ሸክላ ሠሪ የፋርስን ቃል በዓረብ ፊደል ጽፎ፣ ዕቃው ለብሩሽ የሆነ፣ የወሎ ሽማግሌ ያነበበው። ማሳረፊያው ራሱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። እኔን የገረመኝ ግን ጽሑፉ የዕቃውን ስም ብቻ መናገሩ ነው። ውዳሴ የለም፣ ጸሎት የለም፤ «የብዕር ማሳረፊያ» ብቻ። ያ ሠራተኛ ለጋዜጣችሁ ቢጽፍ ኖሮ እኔ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስለ ቀይ ቀለምም አንድ ነገር ልበል፤ የሙያዬ ነውና። እንደ ዮንግዠንግ ያሉ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ከየግዛቱ የሚመጣላቸውን አቤቱታና ዘገባ አንብበው በዳሩ ላይ አስተያየታቸውን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ቀይ ቀለም የንጉሡ ብቻ ነበር። በእኛ ብራና ቀይ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ዛሬ ማመልከቻ ዳር ላይ የሚጻፈው ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይታይ» የሚል ነው። ዮንግዠንግ አንዳንዴ ከአቤቱታው የረዘመ መልስ ይጽፍ ነበር አሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ማጠቢያ ውሃው ምን ያህል ይቀላ እንደነበር አስባለሁ።

ይህን ስል በነገሥታቱ ፍቅር ወድቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1712 ከጂንግደዠን ደብዳቤ የጻፈ አንድ ፈረንሳዊ ቄስ፣ ዳንትረኮል የሚባል፣ አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሰው እጅ ያልፋል ይላል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱም ግርጌው ላይ ስሙን አይጽፍም፤ የሚጻፈው የንጉሡ ዘመን ነው። ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ገበያ እንዳይወጣ ተሰባብሮ እዚያው ይቀበር ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ስባሪውን ከመሬት አውጥተው እየገጣጠሙ ነው። በንጉሥ ዋንሊ ዘመን ቤተ መንግሥት ትልልቅ ባለ ዘንዶ ጋኖች አዘዘ፤ በተተኮሱ ቁጥር ይሰነጠቁ ነበር፤ ሠራተኛውም ይቀጣ ነበር። ቶንግ ቢን የሚባል ሸክላ ሠሪ ለባልንጀሮቹ ሲል እሳት ውስጥ ራሱን ወረወረ፣ ከዚያ በኋላ ጋኑ ጸና ይባላል። የከተማዋ ሸክላ ሠሪዎች እንደ እሳት አምላክ ያከብሩት ነበር። እኔ ይህን ስሰማ የጠየቅሁት፣ ያን ሁሉ የብሩሽ ማሳረፊያና የቀለም ሙዳይ የሚሠሩ ሰዎች አቤቱታ የሚጽፍላቸው አንድ ሰው አጥተው ነው ወይ የሚል ነው። ልጄ «አባባ፣ አንተ ሁሉን ነገር በማመልከቻ ትለካለህ» አለችኝ። በሌላ በምን ልለካው?

አሁን በጋዜጣችሁ ላይ ለምን ይህን ያህል እንደ ተቆጣሁ እውነተኛውን ምክንያት ልናገር።

የአባቴ አባት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙም በማይርቅ መንደር ቁም ጸሐፊ ነበር። ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ያለበት ገዳም ነው፤ እዚያ አካባቢ ብራና ፍቆ መጻፍ የትናንት ሥራ አይደለም። አያቴ ጠረጴዛ አልነበረውም፤ ጉልበቱ ነበር ጠረጴዛው። የቀለም ዕቃው ሁለት የበሬ ቀንድ ነበር፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ። ሹሉን ጫፍ መሬት ላይ ይተክለዋል፤ አፉ ወደ ላይ ይቆማል፤ አይገለበጥም። ብርዑ መቃ ነበረ፣ አናቱ የተሰነጠቀ፤ መስመር ማስመሪያው ወስፌ። ጥቁሩን ቀለም የሚያደርገው አያቴ ራሱ ነው፤ የድስት ጥቀርሻ፣ የተቆላ እህል፣ ሙጫ፤ ተበጥብጦ ለወራት ይቀመጣል። ሽታው ይከረፋል። እናቴ ደግሞ የአባቷን ተማሪዎች ሉሕ፣ የመጻፊያ እንጨታቸውን፣ ታጥብ ነበር። ልጆቹ ከቁርኣን የጻፉትን ሲሸመድዱ እንጨቱ ይታጠባል፤ አዲስ ይጻፍበታል። ያንን ጥቁር ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ አትደፋውም ነበር። ቻይናዊው ልጅ «ማጠብ» የሚለውን ፊደል ሲጽፍልኝ ያየሁት እናቴን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ልክ እንደ አያቴ ያለ ቀንድ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ አየሁ። ውስጡ ዳር ዳሩን በደረቀ ጥቁር ቀለም ተለብዷል። ከሥሩ ያለው ወረቀት ግን «ባህላዊ የመጠጥ ዋንጫ» ይላል። በዋንጫ ጠጅ ተጠጥቶ ውስጡ እንዲህ አይጠቁርም! ጠባቂውን ጠራሁት፤ «እኔ የተጻፈውን አልጻፍሁትም» አለኝ፤ ትክክል ነበር። ማመልከቻ ጻፍሁ፤ ጉዳዩ፦ ዋንጫ ተብሎ ስለተሰየመ የቀለም ቀንድ። ወር ቆይቼ ብጠይቅ ዳሩ ላይ «ይታይ» ተብሎበታል። እስከ ዛሬ የታየ አይመስለኝም።

የቻይና የብሩሽ ማጠቢያ ሲኒ፣ የሐይቅ የቀለም ቀንድ ዋንጫ። አንድ ዕቃ ጎድጎድ ካለ የምንጠጣበት ብቻ ነው የሚመስለን?

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ ሆይ፣ የምጠይቀው ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንዲወጣ፤ አጭር ይሁን፣ ግን «የብሩሽ ማጠቢያ» የሚለው ቃል ይኑርበት። ሁለተኛ፣ ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን በጻፋችሁ ቁጥር የምታትሙት ሥዕሉንና ሽፋኑን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቀንዱን፣ መቃውንና ወስፌውን ከነስማቸው አትሙልን። ፎቶግራፍ አንሺ ከላካችሁ የአያቴ ጥቁር ቀንድ እኔ ዘንድ አለ። ቀዩ ጠፍቷል። ፎቶ ሲነሣ ግን አይታጠብም፤ ውስጡ ያለው ቀለም የአያቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የጻፍሁት። የምትተይበው ልጅ እንዳትሳሳት፣ አራተኛው ገጽ ላይ «ሲኒ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለችው ነጥብ ሥርዓተ ነጥብ አይደለችም። የልጅ ልጄ በሬውን ስታንጠባጥብ የወደቀች ናት።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከደሴ